ጯሂው መድረክና ተማሪው አዘጋጅ

በሥራ ቀን ማታ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ፣ መጋረጃ የማይከፈትበትን ዝግጅት ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ቴአትር ያጠና ጥቂት ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። የቀራችሁት ወይ ቴአትር ወዳዶች ናችሁ፣ ወይ ደግሞ ኮሌጅ የላካችሁት ልጅ አንድ ቀን መጥቶ «ቴአትር ላዘጋጅ ነው» ብሎ ያስደነገጣችሁ ወላጆች ናችሁ። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ቴአትሩን ሲያሰናዳ፣ መጋረጃው እስኪከፈት ባሉት ሳምንታት በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የአዘጋጅ ሥራ ተዋናይ መርጦ ቃል ማስጠናትና «አንተ በዚህ ግባ፣ አንቺ በዚያ ውጪ» ማለት ይመስለዋል። ይህም አለ። እኔ የምለው ግን፣ የአማርኛ ቴአትር የሚያዘጋጅ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚታገለው ከድምፅ ጋር ነው። መድረካችን ተናጋሪ መድረክ ነው፤ ሲብስም ጯሂ ነው። የተማሪው ዋና ሥራ በወረቀት ላይ ያለውን ንግግር፣ አንዱ ሰው በሌላው ሰው ላይ የሚሠራው ሥራ አድርጎ መለወጥ ነው። አስቀድሜ የአዘጋጅነት ሙያ ከየት እንደመጣ ጥቂት እላለሁ፤ ቀጥሎ እኛ ለምን እንደምንጮህ፤ ከዚያ ወደ ልምምድ ክፍሉ ይዣችሁ እገባለሁ፤ እዚያም እንቆያለን።

አዘጋጅ የሚባለው ሰው በቴአትር ታሪክ የቅርብ ጊዜ ሰው ነው። በሼክስፒር ዘመን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አዘጋጅ አልነበረም፤ ደራሲው ወይም ከቡድኑ አንጋፋ የሆነው ተዋናይ ነገሩን ያስተባብር ነበር። ሙያው ራሱን የቻለው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በዚህ ክፍል የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የጀርመኑ የማይኒንገን መስፍን ዳግማዊ ጊዮርግ ቡድኑን በ1874 በርሊን ላይ ሲያሳይ፣ ተመልካቹን ያስገረመው ከኋላ ሕዝብ ሆኖ የሚቆመው ሰው ሁሉ የየራሱ ሥራ የተሰጠው መሆኑ ነበር። በ1887 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ የጋዝ ኩባንያ ጸሐፊ የነበረው አንድሬ አንትዋን «ነፃ ቴአትር» ብሎ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ለመጀመሪያው ትርኢት ዕቃ መግዣ ስላልነበረው የእናቱን የምግብ ቤት ጠረጴዛና ወንበር በእጅ ጋሪ ጭኖ መጣ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳወራ ፊታቸው ይፈካል። ሁሉም ከእናቱ ቤት ያመጣው ዕቃ አለዋ!

ሙያው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ግን ወደ ሩሲያ መሄድ ይሻላል። አንቶን ቼኾቭ «ሲገል» የተባለውን ተውኔቱን በ1896 ለፒተርስቡርግ የንጉሠ ነገሥቱ ቴአትር ቤት ሰጠ። ልምምዱ ከሁለት ሳምንት በታች ነበር። ተዋናዮቹ ስመ ጥር ነበሩ፤ ድምፅም አላነሳቸውም። የመጀመሪያው ምሽት ግን ውርደት ሆነ፤ ተመልካቹ በማይሳቅበት ሳቀ፣ ቼኾቭም ሁለተኛ ተውኔት አልጽፍም ብሎ ከተማውን ለቆ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ተውኔት፣ ቃሉ ሳይለወጥ፣ አዲስ በተቋቋመው የሞስኮ የሥነ ጥበብ ቴአትር ታየ። ከቴአትር ቤቱ መሥራቾች አንዱ ስታኒስላቭስኪ ገጠር ገብቶ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ፣ ዝምታና የውሻ ጩኸት ሳይቀር የሚያመለክት ዝርዝር ጽፎ ነበር፤ ሌላው መሥራች ኔሚሮቪች ዳንቼንኮም ቃሉ ምን ለማለት እንደተጻፈ ከተዋናዮቹ ጋር ተቀምጦ አውጥቶ አውርዶ ነበር። ያ ምሽት ቴአትር ቤቱን በእግሩ አቆመው። በሁለቱ ምሽቶች መካከል የተለወጠው ዝግጅቱ ነው። ለዛሬው ነገራችን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ስታኒስላቭስኪ ወደዚያ የደረሰው ከአማተር ቡድን ተነሥቶ ነው። ሥራ ውለው ማታ ማታ የሚለማመዱ ሰዎችን ሲያዘጋጅ ነበር የተማረው፤ የእኛ ተማሪዎች እንደሚማሩት ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ዘመናዊ ቴአትራችን የተጀመረው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሩሲያና ፈረንሳይ ተምረው የመጡት ተክለ ሐዋርያት የላፎንቴንን ተረቶች ይዘው የቤተ መንግሥቱን ሰው ሸንቆጥ አደረጉበት፤ ሥራውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ በኋላ ቴአትሩን ያቆዩት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ለተማሪዎቻቸው መዝሙርም ተውኔትም ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ተማሪ በዚህ አገር መድረክ ላይ እንግዳ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ ተዋናዮቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ።

ዮፍታሔ ከየት መጡ? ከደብረ ኤልያስ፣ ከቅኔ ቤት። የቅኔ ቤት ሰው ቃሉን ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጉባኤ ሰምቶ እንዲያደንቅለት ነው የሚያሰማው። ከጎኑ ለቆመው ሰው አይደለም የሚናገረው፤ ለጉባኤው ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበርም በእኛ አቆጣጠር በ1927 ሲመሠረት ሊመጣ በተቃረበው ወረራ ፊት ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር፤ ንግግሩ፣ ቀረርቶውና ዘፈኑ ቴአትሩን ወለዱት። በ1948 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ደግሞ አዳራሹ ራሱ ድምፅ ጠየቀ። ከሙዚቀኞቹ ጉድጓድ ማዶ፣ ሰገነት ድረስ ያለውን ተመልካች በባዶ ጉሮሮ መድረስ ቀላል አይደለም። በዚህ ሁሉ ላይ የትምህርት ቤቱን የወላጆች ቀን ጨምሩበት። ሕፃኑ ግጥሙን በጩኸት ካላለ መምህሩ «አልተሰማም!» ይሉታል።

እንግዲህ ጩኸታችን የሰነፎች ጉድለት አይደለም፤ ውርስ ነው፤ የተከበረ ውርስም ነው። ችግሩ ያለው፣ ተማሪው ይህን ውርስ ሳያውቀው ይዞት መግባቱ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድርሰቱን ለማንበብ በክብ ስትቀመጡ፣ ከአፍታ በፊት በሹክሹክታ ሲቀላለድ የነበረ ልጅ ተራው ደርሶ «እናቴ፣ እራት ደርሷል?» የሚለውን ቃል አዋጅ አድርጎ ያነበዋል። እናቱ ናት ከጎኑ የተቀመጠችው።

አንዳንዱ ደግሞ ተዋናዩን ወጋየሁ ንጋቱን ይሆናል። ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በሬዲዮ የተረኩበት ድምፅ በስንቱ ጆሮ እንዳለ ታውቃላችሁ። ተማሪው የሚቀዳው ግን የድምፁን ክብደት ብቻ ነው። ያ ትረካ በጥሞና ሲደመጥ ወጋየሁ አይጮሁም፤ እያንዳንዱ ሰው ለማን እንደሚናገር ያውቁታል፤ ሲለምን የሚለምን፣ ሲያዝ የሚያዝ፣ ሲፈራ የሚፈራ ሰው ነው የምትሰሙት። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ከጉሮሮው ውፍረት ላይ አይደለም።

ወደ ልምምድ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት ስለ ተውኔት ምርጫ ላንሳ፤ ብዙው ነገር እዚህ ላይ ይበላሻልና። ተማሪ ንጉሥ ይወዳል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቴዎድሮስን ማዘጋጀት ይፈልጋል። የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሥራዎች ይዞ ይመጣል፤ ማንም አይፈርድበትም። ጸጋዬ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ገብተው መድረክን ከውስጥ ያዩ ደራሲ ናቸው፤ ስንኛቸው የራሱ ምት፣ የራሱ የትንፋሽ ልክ አለው። ያንን ትንፋሽ መሸከም ግን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ልምድ የሌለው ተዋናይ ስንኙን ሲሸከም የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ መጮህ። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያዘጋጅ ተማሪ ቢሰማኝ፣ ከኮሜዲ ይጀምር እላለሁ፤ ከኮሜዲም ከመንግሥቱ ለማ።

የመንግሥቱ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በ1950ዎቹ ሲመጡ መድረኩ ላይ ሰዎች እርስ በርሳቸው ማውራት ጀመሩ። ደራሲው ለንደን ተምረዋል፤ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ስለሆኑም የቤተ ክህነቱን አነጋገር ከነለዛው ያውቁታል። በኋላም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ካስተማሩት አንዱ ሆነዋል። «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሣል፤ አክስቱ ደግሞ ይህንን ጉድ በዓይኔ አላይም ይላሉ። ነገሩ የሚያስቀው በሰዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲታይ ነው። ተዋናዮቹ ተሰልፈው ወደ ተመልካች ከጮሁ ርቀቱ ይጠፋል፣ ሳቁም አብሮ ይጠፋል። ተውኔቱ ራሱ ተማሪውን ያስተምረዋል ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቁም አላልፍም። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ መሠረት ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። መንግሥቱ ያረፉት በ1980 ነው፤ ጸጋዬ በ1998። ወራሾቹን አነጋግሮ ፈቃድ መያዝ የዝግጅቱ አካል ነው፤ ተማሪዎቻችን ይህንን የሚያስታውሱት ፖስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

አሁን እንግባ። ተማሪው ተዋናይ ከመጥራቱ በፊት ብቻውን ከድርሰቱ ጋር ይቀመጣል። የአዘጋጅ ደብተር የሚባለውን ያሰናዳል፤ በአንድ በኩል የድርሰቱ ገጽ፣ በሌላው በኩል ባዶ ወረቀት። በባዶው ላይ ምን ይጻፋል? ብዙ ጀማሪ «በቁጣ»፣ «በሐዘን»፣ «በፈገግታ» እያለ ይሞላዋል። ይህ ለተዋናዩ የድምፅ ትእዛዝ መስጠት ነው። «በቁጣ» የተባለ ተዋናይ ከመጮህ ሌላ ምን ያድርግ? እኔ ባዶው ገጽ ላይ ከየቃሉ ትይዩ እንዲጻፍ የምፈልገው፣ ይህ ሰው ይህን ሲል ከፊቱ ካለው ሰው ምን ሊያገኝ ነው የሚለው ነው። ሊያባርረው ነው? ሊያሳፍረው ነው? ሊያስለምነው? ጊዜ ሊገዛበት? አንዲት አክስት «ውሃ አጠጡኝ» ስትል ውሃ ጠምቷት ላይሆን ይችላል፤ ሠራተኛይቱን ከክፍሉ ለማስወጣት ይሆናል። ይህን ያወቀ ተዋናይ ድምፁን ማንም ሳይነግረው ያስተካክለዋል።

አንድ ተማሪ ይህንኑ «ያላቻ ጋብቻ» ሲያዘጋጅ ልምምዱን ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ክፍሉ ባዶ የመማሪያ ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፣ የቤቱ በርና መስኮት ወለሉ ላይ በጠመኔ ተሥለዋል። ሠራተኛይቱን የምትጫወተው ልጅ ድምፀ ሰፊ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገች። በተናገረች ቁጥር ክፍሉ ይሞላል፤ ሠራተኛ ግን አትመስልም። አዘጋጁ «ቀንሺ» አላት፤ ቀነሰች፤ ጭራሽ ጠፋች። እንደገና ጨመረች። እንዲህ ሲጓተቱ ቆይተው፣ አዘጋጁ ድርሰቱን ከሁሉም ሰበሰበና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «ቃል የለም» አለ። «እንግዳዋ መጥተዋል፣ ምሳ ሊቀርብ ነው፣ እጅ አስታጥቢ።»

ልጅቷ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ ፎጣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። አክስትዮዋ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ሳያዩዋት እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ልጅቷ ጎንበስ አለች። ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው፤ ውሃው ግን ይፈሳል፣ ሁላችንም እናየዋለን። ከዚያ ለወንድማቸው ልጅ፣ ለጌታዋ ልታስታጥብ ዞረች። ተዋናዩ ምን እንደገፋው አላውቅም፣ ብድግ አለና ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበላት፤ እሱ ሊያስታጥባት። ልጅቷ እጇን ልትዘረጋ አልቻለችም። ዓይኗ ወደ አክስትዮዋ ሄደ። አክስትዮዋ ደግሞ ፎጣውን እንደያዙ ቀሩ፤ እጃቸውን መጥረግ ተዉ። አንድም ቃል አልተነገረም፤ ተውኔቱ በሙሉ ግን እዚያ ነበር፤ ማን ይነሣል፣ ማን ይቀመጣል፣ ማን ለማን ጎንበስ ይላል፣ ልማዱን የሰበረው ማን ነው፣ የሚፈራው ማን ነው። ድርሰቱ ሲመለስላቸው የልጅቷ ድምፅ ሌላ ሆነ። አልቀነሰም፤ የሚሄድበትን ቦታ አገኘ።

ይህ እጅ የማስታጠብ ነገር ድርሰቱ ውስጥ ያለ አልነበረም፤ በትርኢቱም ላይ አልገባም። ለልምምዱ ብቻ የተፈጠረ ነው። ነገር ግን የእኛ ኑሮ በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት የተሞላ ነው። ሽማግሌ ሲገባ መነሣት፣ ዕቃ በሁለት እጅ መቀበል፣ ቡና ሲቀዳ ከማን እንደሚጀመር፣ ጉርሻ። ሌላ አገር ተዋናይ በብዙ ድካም የሚያጠናውን የማዕረግ ልዩነት የእኛ ተማሪ ከልጅነቱ በሰውነቱ ያውቀዋል። አዘጋጁ ቃሉን ለጊዜው ከወሰደለት ሰውነቱ ያስታውሳል። መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ስልት ከመፈለግ በፊት እዚህ ላይ መቆፈር ያዋጣል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አዘጋጁ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በደብተሩ ካቀደ፣ ተዋናዩ ድንገት ብድግ ብሎ ማንቆርቆሪያ ሲቀበል ምን ያድርግ? ስታኒስላቭስኪ በወጣትነቱ ሁሉንም ነገር ቤቱ ቀምሮ ይመጣ ነበር፤ ተዋናዩ የቀረለት መፈጸም ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ይህንን ተወና ከተዋናዮቹ ጋር ሆኖ በእንቅስቃሴ መፈለግን መረጠ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ተማሪዎቼ «እንግዲያውስ ማቀድ አያስፈልግም» ይላሉ፤ ብልህ ሰነፎች ናቸው። ስታኒስላቭስኪ ዕቅዱን መተው የቻለው ማቀድ ስለሚያውቅ ነው። ያ ተማሪ ድርሰቱን የሰበሰበበት ቀን ዝም ብሎ ዕድሉን አልሞከረም፤ በሦስቱ ሰዎች መካከል ያለውን ርቀት አስቀድሞ በደብተሩ ጽፎታል፤ ስለዚህ ሲያየው አወቀው። ያላቀደ ሰው ብድግ ያለውን ተዋናይ «ለምን ተነሣህ? ተቀመጥ» ይለው ነበር።

ስለ ሥልጣን ጥቂት ልበል። በሙያ ቴአትር ቤት አዘጋጁ ደመወዝ ያለው ሹም ነው። ኮሌጅ ውስጥ ግን የሚያዘጋጃቸው ሰዎች የዶርም ጓደኞቹ፣ የክፍል ጓደኞቹ፣ አንዳንዴም ከእሱ ቀድመው የገቡ ናቸው። ትናንት ብር ያበደረው ልጅ ዛሬ አርፍዶ ሲመጣ ምን ይበለው? እዚህ ላይ ብዙው ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ይሆናል። ወይ ሁሉን እሺ ይላል፣ ወይ ይጮሃል፤ መድረኩ ላይ እንዳይጮኹ የሚፈልጋቸውን ተዋናዮች ከወንበሩ ሆኖ ይጮህባቸዋል። ስታኒስላቭስኪም በዚህ አልፏል፤ የማይኒንገን ቡድን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ሞስኮ ሲመጣ አዘጋጁ ክሮኔክ ተዋናዮቹን እንዴት ቀጥ አድርጎ እንደሚገዛ አይቶ ያንኑ ቀዳ፤ ኋላ ግን አምባገነንነቱን ተጸጽቶበታል።

የሚሠራው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ተራ የአስተዳደር ነገር ነው። ሃያውንም ሰው በየማታው መጥራትና አሥራ ስድስቱን ግድግዳ ተደግፈው ስልክ እንዲነካኩ ማድረግ ማርፈድን ያስተምራል። በትዕይንት በትዕይንት ከፋፍሎ፣ የሚፈለገውን ሰው በሚፈለግበት ሰዓት መጥራት ግን ክብር መስጠት ነው፤ የተከበረ ሰው ደግሞ ሰዓት ያከብራል። የሴቶቹ ትዕይንት ከራት በፊት ይሁን፤ የሴቶች ዶርም በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ፤ ልምምዱ ሲራዘም ተጠያቂዋ ጥበቃ ፊት የምትቆመው ልጅ ናት። በመድረካችን መጀመሪያ ዘመን የሴቶችን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር፣ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ቀደምት ሴት ተዋንያንም በምን ዓይነት ስድብ መካከል እንዳለፉ የሚያውቅ ሰው ይህንን ጥቃቅን ነገር አይለውም። ሁለተኛው መድኃኒት ጥሩ ስቴጅ ማናጀር ነው። መዝገቡን የሚይዝ፣ የቀረውን የሚጽፍ፣ «ጀምሩ» የሚል ሌላ ሰው ሲኖር አዘጋጁ ጓደኛ ሆኖ መቆየት ይችላል። ለዋና ተዋናይነት የሚታገል ሃምሳ ልጅ ይገኛል፤ ስቴጅ ማናጀር ልሁን የሚል ግን በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልናገርም። የለም። ካባው ከአጎት፣ ነጠላው ከእናት ሣጥን፣ መሶቡ ከሠፈር እድር ይመጣል፤ ሶፋውን ከትምህርት ክፍሉ ቢሮ በደብዳቤ ያወጡታል። አንትዋንም በጋሪ ነበር ያመጣው።

ይልቅ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ልቆይ፤ የተለፋበት ሁሉ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነውና። እስካሁን ልምምዱ በመማሪያ ክፍል ነበር። አዳራሹ ለስብሰባ፣ ለፈተና፣ ለምርቃት ይፈለጋል፤ ለቴአትሩ የሚለቀቀው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ተዋናዩ ከጠባቡ ክፍል ወጥቶ ያንን ባዶ አዳራሽ ሲያይ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ጎን ለጎን ሆነው ሲጨዋወቱ የነበሩት ልጆች ይሰለፋሉ፣ ደረታቸውን ለተመልካቹ ይሰጣሉ፣ ይጮሃሉ። አዘጋጁ «ክፍል ውስጥ እንደነበረው አድርጉት» ቢል አይሰሙም፤ እውነትም አላቸው፣ እንደ ክፍሉ ካደረጉት ከአምስተኛው ረድፍ ኋላ አይሰማም። ስለዚህ መሰማት እና መጮህ ሁለት ነገር መሆናቸውን የሚያስተምር ሥራ አስቀድሞ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ ቋንቋችን የራሱ ጠባይ አለው። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት ተብሎ ተብሎ ግሡ የሚመጣው ሲያልቅ ነው። ጯሂ ተዋናይ ትንፋሹን መነሻው ላይ ይጨርሰዋል፤ ግሡ ላይ ሲደርስ የቀረው ጭላጭ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው «አባትህን እኮ ትናንት ማታ ከገበያ ስመለስ ድልድዩ ጋ…» የሚለውን በደንብ ይሰማል፤ አገኘሁት ይበል፣ ገደልኩት ይበል አያውቅም። ግማሹ ተመልካች ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ምን አለ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተማሪው አዘጋጅ በአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ተቀምጦ ግሦቹን ብቻ ያዳምጥ። ተዋናዩ ትንፋሹን እስከ ግሡ ድረስ ማቆየት ከቻለ ድምፁን ሳይጨምር ይሰማል። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን መለየትም እንዲሁ ነው፤ የጠበቀውን ፊደል አጥብቆ የያዘ ተዋናይ በሹክሹክታም ቢሆን ሩቅ ይሄዳል። ማይክሮፎን ከላይ ማንጠልጠል ይህንን አይፈታውም፤ የወደቀውን ግሥ ማይኩም አያነሣውም፤ የእግር ኮቴውን ግን አሳምሮ ያሰማል።

የሚቀረኝ ተመልካቹ ነው። እንደ ኮሌጅ ቴአትር ያለ ተመልካች ሌላ ቦታ የለም። መድረኩ ላይ የቆመውን ልጅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ካፌ አብሮት ሻይ ጠጥቷል። ጺም ተለጥፎለት፣ ካባ ለብሶ ሲገባ አዳራሹ በስሙ ይጠራዋል። ያ ሳቅ የተውኔቱ አይደለም፤ የልጁ ነው። ያልተዘጋጀ ተዋናይ ሳቁን አሸንፎ ለመሰማት ይጮሃል፤ የአንድ ወር ልምምድ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። አዋቂ ተማሪ ግን ይህንን አስቀድሞ ያቅድለታል። ለእያንዳንዱ ዋና ተዋናይ የመጀመሪያ አገባብ ላይ ቃል የሌለበት ሥራ ይሰጠዋል፤ ካባውን ያውልቅ፣ ደብዳቤ ይፈልግ፣ የተዘጋ ሣጥን ለመክፈት ይታገል። ተመልካቹ ጓደኛውን አይቶ፣ ስቆ፣ ጠግቦ እስኪጨርስ ተዋናዩ የሚሠራው አለው። ሳቁ ሲበርድ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው ወንበሩ ላይ የሚቀረው። የመጀመሪያው ቃል ያን ጊዜ ይነገራል፤ መጮህ ሳያስፈልግ።

መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ትርኢቱ የስቴጅ ማናጀሩ ነው። አዘጋጁ ከመጋረጃ ጀርባ እየተሯሯጠ ተዋናይ እንዳያስጨንቅ ከተመልካቹ ጋር ይቀመጥ፤ ከኋላ ረድፍ፣ ደብተሩን ይዞ። የትኛው ግሥ እንዳልደረሰው፣ ሕዝቡ የት ላይ እንደሳለ፣ የት ላይ ወንበር እንደተንቋቋ ይጻፍ፤ ነገ ከሁለተኛው ትርኢት በፊት ለተዋናዮቹ የሚነግራቸው ይህንኑ ነው። ስለ መብራትና ስለ ሜካፕ ሳልናገር ሰዓቴ አለቀ፤ የምትጠይቁኝ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።